ቁንጫ ቤታችንን ወረሰ፤ ድመትም ሕፃንም አሉኝ፣ ምን ላድርግ?

የውሮ እናት | ሐምሌ 12፣ ከምሽቱ 5 ሰዓት

ሰላም ለሁላችሁ። እንቅልፍ ስላጣሁ ነው በዚህ ሰዓት የምጽፈው።

ካዛንችስ የነበረው ቤታችን ሲፈርስ ሠራተኛ ሰፈር አንድ የድሮ ቤት ተከራየን። ጣሪያው ከፍ ያለ፣ ወለሉ ጣውላ የሆነ፣ ታውቁታላችሁ የድሮ የፒያሳ ቤት። ከኛ በፊት ሦስት ወር ተዘግቶ ቆይቷል። የበፊቶቹ ተከራዮች ሁለት ድመት ነበራቸው አሉ። ዕቃችንን ባወረድንበት ቀን ማታ እግሬን የሆነ ነገር ይለበልበኝ ጀመር። ድካም ነው ብዬ ተኛሁ። ጠዋት ሳየው ከቁርጭምጭሚቴ እስከ ባቴ ቀይ በቀይ ሆኗል።

ስምንት ወር የሆናት ልጅ አለችኝ። መዳህ ጀምራለች። የእሷም እግር እንደኔው ነው። ድመታችን ውሮ ሁለት ዓመቷ ነው። ካዛንችስ እያለን አንድም ቀን ቁንጫ አይተንባት አናውቅም። አሁን ቀን ከሌሊት ስታክ ነው የምትውለው። ከጭራዋ ከፍ ብሎ ያለው ፀጉሯ መሳሳት ጀምሯል። ግቢው ውስጥ ሌሎች አራት ቤቶች አሉ። የጋራ ውሻም አለ፣ ዘበኛው ቤት በር ላይ ነው የሚተኛው።

የሠራሁትንም ስህተት ልናገር፣ ሌላ ሰው እንዳይደግመው። የከብት መድኃኒት የሚሸጥበት አንድ ሱቅ ሄድኩ። ሻጩ ከትልቅ ጠርሙስ ወደ ሃይላንድ ፕላስቲክ ቀዳልኝ። «ለበግም ለውሻም ነው፣ ለድመትም ይሆናል፣ በውሃ በጥብጠሽ እጠቢያት» አለኝ። አጠብኳት። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ለሀጯ ይዝረበረብ ጀመር። ከዚያ የኋላ እግሯ ከዳት፣ ሰውነቷ ይንዘፈዘፋል። በፎጣ ጠቅልዬ በራይድ ሐኪም ዘንድ ሮጥኩ። አጠቧት፣ መርፌ ወጓት፣ እዚያው አደረች። ተረፈችልኝ። ቤት ስትመለስ ግን ቁንጫው እዚያው ጠበቃት።

ባለቤቴ ወለሉን ነጭ ጋዝ እናፍስበት ይላል። እኔ ፈራሁ። የሚያውቅ ካለ እባካችሁ።

ካዛንችስ ልጅ | ሐምሌ 12፣ ከምሽቱ 5 ሰዓት ተኩል

አይዞሽ። ነጭ ጋዙን ግን እንዳታስቡት። ጣውላ ላይ ነጭ ጋዝ አፍስሶ እዚያው ግቢ ውስጥ ከሰል ማቀጣጠል ምን እንደሚያመጣ ይታያችሁ። የሚዳህ ልጅ ቆዳም ያቃጥላል፣ ሽታውም ለሳንባዋ አይሆንም።

ለመሆኑ ትኋን አለመሆኑን አረጋግጠሻል? የድሮ ቤት ትኋንም አያጣም።

አፍንጮ በር | ሐምሌ 13፣ ጠዋት 1 ሰዓት

እህቴ፣ እኔ በበኩሌ ድመቷን ለሰው ስጫት ነው የምልሽ። ሕፃን ልጅ ባለበት ቤት የልጅ ጤና ይቀድማል። እኛ ቤት እንዲህ ሲያጋጥም ድመታችንን ዘመድ ቤት ወሰድናት።

የእንስሳት ሐኪም | ሐምሌ 13፣ ጠዋት 2 ሰዓት

የውሮ እናት፣ ከመጀመሪያው ልጀምር።

የሰጡሽ ለከብትና ለበግ የሚረጭ መድኃኒት ይመስለኛል። ዲያዚኖንና ማላታዮን የዚህ ወገን ናቸው። ነርቭ ላይ ነው የሚሠሩት። ለሀጭ ማዝረብረብ፣ የዓይን ብሌን መጥበብ፣ መንዘፍዘፍ፣ ከዚያ የትንፋሽ ማጠር ያመጣሉ። የወጓት አትሮፒን ሳይሆን አይቀርም። በጊዜ ስለደረስሽ ነው የተረፈችው። ለሌሎቻችሁም ልናገር፦ ስም ያልተጻፈበት መድኃኒት በሃይላንድ ተቀድቶ ሲሰጣችሁ አትቀበሉ። አደጋ ቢደርስ እንኳን ሐኪሙ ምን እንደተሰጠ አያውቅም።

ድመት ትንሽ ውሻ አይደለችም። ጉበቷ አንዳንድ ኬሚካሎችን ሰባብሮ የማስወጣት አቅሙ ደካማ ነው። ፐርሜትሪን የሚባለው ለውሻ በተሠሩ የአንገት ጠብታዎችና ዱቄቶች ውስጥ አለ። ውሻው ምንም ላይሆን ይችላል፣ ድመት ግን ይገድላል። ጠብታ የተደረገለትን ውሻ ታክካ የምትተኛ ድመት እንኳን ልትመረዝ ትችላለች። ስለዚህ ካርቶኑ ላይ «ለድመት» የሚል ከሌለ ድመት ላይ አይደረግም።

አፍንጮ በር፣ ስለ ልጅ ብለህ እንደተናገርክ ይገባኛል። ነገር ግን ድመቷ ብትሄድ ቁንጫው አብሯት አይሄድም። ወለሉ ውስጥ ያለው ይቀራል። የለመደውን ፀጉራም እንስሳ ሲያጣ ደግሞ የሚነክሰው ሰውን ነው። እህታችን የገባችበት ቤት ራሱ ምስክር ነው፣ ድመቶቹ ከወጡ ሦስት ወር ሆኗቸዋል።

የቤቱ ነገር እንዲገባሽ የቁንጫን ኑሮ ላስረዳሽ። ውሮ ላይ የምታዪያቸው ትልልቆቹ ናቸው። ከጠቅላላው ከመቶ አምስቱ ያህል ቢሆኑ ነው። ቀሪው ዘጠና አምስቱ እንቁላል፣ ትልና በልባስ የተጠቀለለ ሆኖ ወለልሽ፣ ምንጣፍሽና ሶፋሽ ውስጥ ነው። አንዲት ሴት ቁንጫ በቀን ከ40 እስከ 50 እንቁላል ትጥላለች። እንቁላሉ አይጣበቅም፣ ከፀጉሩ ይረግፋል። ድመቷ የተኛችበት ሁሉ ማሳ ይሆናል። ከእንቁላሉ የሚወጣው ትል ብርሃን አይወድም፣ ወደ ጣውላ ስንጥቅና ወደ ምንጣፍ ሥር ይገባል። የሚበላው የትልልቆቹን ቁንጫዎች ኩስ ነው፣ እሱም የደረቀ ደም ነው። ከዚያ እንደ ሐር ትል ራሱን ጠቅልሎ ይተኛል። በዚያ ልባስ ውስጥ እያለ መርጫ ብዙም አይደርስበትም። ለወራት መቆየት ይችላል። የሚያነቃው የእግር ኮቴ፣ ሙቀትና ትንፋሽ ነው።

ስለዚህ ዕቃ ይዛችሁ ስትገቡ እናንተው ቀሰቀሳችኋቸው። ሦስት ወር ሙሉ ሰው ሲጠብቁ ነበር።

ለአሁን ውሮ ላይ ምንም ዓይነት መድኃኒት አታድርጊ። ያከማት ሐኪም እሺ እስኪል ጠብቂ። እስከዚያው ጥርሱ ጥቅጥቅ ያለ የቅማል ሚዶ ግዢና በቀን ሁለቴ አበጥሪያት። አጠገብሽ ለብ ያለ ውሃ በሳህን አድርጊ፣ ጥቂት ላርጎ ጨምሪበት። ሚዶውን እዚያ ውስጥ ንከሪው። ሳሙና የሌለው ውሃ ላይ ቁንጫ ተንሳፍፋ ትወጣለች፣ ሳሙና ሲኖር ትሰምጣለች። አንገቷና ከጭራዋ በላይ ያለው ላይ አተኩሪ።

ትኋን ነው ወይ ለተባለው ደግሞ ቀላል መንገድ አለ። ከፀጉሯ ላይ የሚረግፈውን ጥቁር ብናኝ በነጭ ሶፍት ያዢና ውሃ ጠብ አድርጊበት። ቡናማ ቀይ ሆኖ ከተሰራጨ የቁንጫ ኩስ ነው። አፈር ከሆነ አፈር ሆኖ ይቀራል።

የውሮ እናት | ሐምሌ 13፣ ቀን 7 ሰዓት

ዶክተር፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። አሁኑኑ ሞከርኩት። ብናኙ ደርቆ የተፈጨ የቡና አተላ ይመስል ነበር። ውሃ ሳንጠባጥብበት ሶፍቱ ላይ ዝገት መሳይ ቀለም ተለቀቀ። በመካከሉ ደግሞ ነጫጭ፣ እንደ ጨው ቅንጣት ያሉ ነገሮች ነበሩ። እንቁላሉ ነው አይደል? እኔ ፎሮፎር መስሎኝ ነበር።

የልጄስ እግር? ስታክከው እየደማ ነው።

የእንስሳት ሐኪም | ሐምሌ 13፣ ቀን 8 ሰዓት

አዎ፣ እንቁላሉ ነው።

የልጅሽን እግር በውሃና በሳሙና እጠቢው፣ ቀዝቃዛ እርጥብ ጨርቅ ያዢበት፣ ጥፍሯን አሳጥሪ። ካላማይን የሚባለው ሮዝ ቅባት ማሳከኩን ያበርዳል። መግል ከያዘ ወይም ካተኮሳት ለልጆች ሐኪም አሳዪያት፣ ያኔ የኔ ሥራ አይደለም።

ጋሽ አቧሬ | ሐምሌ 13፣ ማታ 1 ሰዓት

ልጆቼ፣ እኛ ስናድግ ቁንጫ ብርቅ አልነበረም። ቤቱ የጭቃ ምርጊት፣ ወለሉ በእበት የተለቀለቀ ነበር። እናቴ ቅዳሜ ቅዳሜ ፍራሹንና አጎዛውን ሁሉ ታወጣለች። አጎዛውን ፀጉሩን ወደ ፀሐይ አድርጋ አጥር ላይ ታሰጣዋለች፣ ዘንግ ይዛ ትወቅጠዋለች። መደቡ ላይ የፈላ ውሃ ታፈስበታለች። ከዚያ እርጥብ የባሕር ዛፍ ቅጠል ትጎዘጉዛለች፣ ማታ ቅጠሉን ጠርጋ ከነቁንጫው እሳት ውስጥ ትከተዋለች። ቀበሪቾም ይታጠን ነበር። እፎይ ብለን እንተኛለን። የዛሬ ልጆች ለሁሉም ነገር መድኃኒት ትገዛላችሁ፣ እስቲ ይሄንንም ሞክሩት።

ተማሪ 6 ኪሎ | ሐምሌ 13፣ ማታ 2 ሰዓት

እንዶድስ? ቀንድ አውጣ የሚገድለውን ፕሮፌሰር አክሊሉ ለማ ያገኙትን ማለቴ ነው። ልብስም ይታጠብበት ነበር። ድመትም በእሱ ብትታጠብ?

የእንስሳት ሐኪም | ሐምሌ 13፣ ማታ 3 ሰዓት

ጋሼ፣ እናትዎ የሠሩት አብዛኛው ዛሬም የሚሠራ ነው። ፀሐዩ፣ ድብደባው፣ የፈላው ውሃ፣ ቅጠሉን ጠርጎ ማቃጠሉ፣ በየሳምንቱ መደገሙ። የቁንጫ ትል ድርቀት አይችልም። የአየሩ እርጥበት ከ50 በመቶ በታች ሲወርድ ይሞታል። አጎዛ ፀሐይ ላይ ሲውል የሚሆነው ይኸው ነው። ጭሱ ግን ልባሱ ውስጥ አይገባም። ትልልቆቹን ቢያሸሽ እንኳን ሕፃንና ድመት ያሉበት ቤት ጭስ አልመክርም።

የባሕር ዛፍ ቅጠሉን ወለል ላይ አድርጎ መጥረግ አይከፋም። የባሕር ዛፍ ዘይት ግን ድመት ላይ እንዳይቀባ። እየላሰች ስለምትውጠው ይመርዛታል። የሎሚ ዘይትም እንደዚሁ። ነጭ ሽንኩርት አብልቱ የሚሉም አሉ፣ የውሻንም የድመትንም ቀይ የደም ሕዋስ ይጎዳል፣ ይቅር።

ተማሪ፣ እንዶድ ቀንድ አውጣ መግደሉ የታወቀ ነው። ቁንጫ ያጠፋል ማለት ግን ከዚያ አይከተልም። ድመት ደግሞ ሰውነቷ ላይ የነካትን ሁሉ ትልሳለች። እንዶድ ሆዷ ከገባ ይጎዳታል። ተወው።

የመቻል ጌታ | ሐምሌ 14፣ ጠዋት 3 ሰዓት

እኔ 4 ኪሎ፣ ባሻ ወልዴ ችሎት ኮንዶሚኒየም ነኝ። መቻል የሚባል ውሻ አለኝ። ባለፈው ዓመት ቁንጫ ሲይዘው አይቨርሜክቲን መርፌ አስወጋሁት፣ ሁለት ጊዜ። ምንም አልተለወጠም። የሰጡኝ ሐኪም ተሳስተው ነው ወይስ መርፌው ጊዜው ያለፈበት ነው?

የእንስሳት ሐኪም | ሐምሌ 14፣ ቀን 6 ሰዓት

አይቨርሜክቲን ለእከክና ለአንዳንድ የሆድ ትላትል ይረዳል። ቁንጫ ላይ ግን ይህ ነው የሚባል ውጤት የለውም። እከኩና ቁንጫው አንድ ላይ ሆኖ፣ ወይም አንዱ በሌላው ተመስሎ ይሆናል የተሰጠው።

ለቁንጫ የሚሆኑት ሌሎች ናቸው። ፊፕሮኒል ያለበት ጠብታ ወይም ስፕሬይ ለውሻም ለድመትም ይገኛል። ኢሚዳክሎፕሪድ፣ ሴላሜክቲን አሉ። በአፍ የሚሰጥ ፍሉራላነር የሚባልም አለ፣ አንዱ ኪኒን 12 ሳምንት ይሠራል። እዚህ ከተማ አንዱ ሲገኝ ሌላው ይጠፋል። ስለዚህ በንግድ ስሙ ሳይሆን በውስጡ ባለው መድኃኒት ስም ጠይቁ። ጥንቸል ያላችሁ ካላችሁ ፊፕሮኒል ጥንቸል ይገድላል፣ አታድርጉ።

ጠብታ ስታደርጉ ትከሻዎቹ መካከል፣ አንገቱ ሥር፣ ፀጉሩን ለሁለት ከፍላችሁ ቆዳው ላይ ነው። ፀጉር ላይ ብቻ ከፈሰሰ ዋጋችሁን ጣላችሁ። ከመደረጉ ሁለት ቀን በፊትና ሁለት ቀን በኋላ አይታጠብ። ልጆች እስኪደርቅ አይንኩት።

የመቻል ጌታ | ሐምሌ 14፣ ቀን 7 ሰዓት

መጠኑ በኪሎ ነው የሚለው። መቻልን ማን ይመዝንልኛል? ሚዛን ላይ አይቆምም።

ልደታ 4ኛ ፎቅ | ሐምሌ 14፣ ቀን 7 ሰዓት ከሩብ

እኔ ድመቴን ያስመዘንኳት መንገድ ዳር ሚዛን ይዘው ከሚቀመጡት ልጆች ነው። መጀመሪያ ብቻዬን ወጣሁ፣ ከዚያ አቅፌያት ወጣሁ። ልዩነቱ የእሷ ነው። ሦስት ኪሎ ተኩል ሆነች። ልጁ ለሁለቱም ምዘና የአንዱን ብቻ ነው የተቀበለኝ። ውሻህን ማቀፍ ከቻልክ እንደዚያ አድርግ።

ልደታ 4ኛ ፎቅ | ሐምሌ 14፣ ቀን 7 ሰዓት ተኩል

አንድ ጥያቄ ረስቼ። ድመቴ ጭራ ሥር የሩዝ ፍሬ የመሰለ ነገር እያየሁ ነው። አንዳንዱ ይንቀሳቀሳል። ሲደርቅ ሰሊጥ ይመስላል። ጥሬ ሥጋ ከሥጋ ቤት እየገዛሁ ስለምሰጣት ኮሶ ይዟት ይሆን?

የእንስሳት ሐኪም | ሐምሌ 14፣ ማታ 2 ሰዓት

ከኮሶ ጋር የሥጋ ዘመድ ነው፣ ግን እኛን ከጥሬ ሥጋ የሚይዘን አይደለም። ይኼኛው የሚመጣው በቁንጫ በኩል ነው። የቁንጫ ትል የኮሶውን እንቁላል ይበላል። አድጎ ቁንጫ ሲሆን ድመቷ ስትላላስ ትውጠዋለች። ከዚያ አንጀቷ ውስጥ ያድጋል። የምታያቸው ሩዞች የኮሶው ቁርጥራጮች ናቸው። ፕራዚኳንቴል የሚባለው መድኃኒት ያጠፋዋል። ቁንጫውን ካላጠፋችሁ ግን በወሩ ይመለሳል።

የውሮ እናት፣ ይህ አንቺንም ይመለከታል። ሕፃናትም ድንገት ቁንጫ ከዋጡ ሊይዛቸው ይችላል። እምብዛም አያጋጥምም፣ ግን የልጅሽ ዳይፐር ላይ እንደ ሩዝ ያለ ነገር ካየሽ አትደንግጪ፣ ለሐኪም አሳዪ።

የውሮ እናት | ሐምሌ 20፣ ማታ 3 ሰዓት

የሠራነውን ልንገራችሁ።

ቅዳሜ ልጄን ለእናቴ ሰጥቼ ቤቱን ባዶ አደረግነው። ምንጣፉን አውጥተን አጥር ላይ ሰቀልነው። ሐምሌ ስለሆነ ፀሐይ የለም፣ ዝናብም አላስተማመነንም። ብርድ ልብሱን፣ የትራስ ልብሱን፣ የውሮን መኝታ፣ ጋቢዎቹን በሙሉ በጀሪካን ውሃ አፍልተን ነከርን። ማሽናችን ውሃ አያሞቅም፣ በበርሜል ነው ያጠብነው። እጄ ተላጠ።

ከዚያ ወለሉ። የጣውላው ስንጥቅ አንዳንዱ የጣት ጥፍር ያስገባል። ባለቤቴ ከሥራ ቦታው ቫኪዩም ተዋሰ። እኔ አሮጌ ቢላዋ ይዤ ተንበርክኬ በየስንጥቁ እያስኬድኩ ቆሻሻውን ወደ ላይ አወጣለሁ፣ እሱ ከኋላዬ ይስባል። አልጋው የነበረበት ጥግ ስደርስ የስልኬን መብራት አበራሁ። ከስንጥቁ ውስጥ ነጫጭ፣ ከሩዝ ፍሬ ያነሱ፣ ክር የሚያህሉ ትሎች እየተጠማዘዙ ከብርሃኑ ሸሽተው ወደ ጨለማው ገቡ። ዶክተር የተናገሩት ሁሉ ዓይኔ ሥር ነበር። ቢላዋውን ጥዬ ቁጭ አልኩ። ልጄ ሆዷን አስጠግታ የምትዳህበት ቦታ ነው እኮ።

ተነሥቼ ቀጠልኩ። ሁለት ክፍል ለመጨረስ ከጠዋቱ 2 እስከ ማታ 1 ሰዓት ፈጀብን። የቫኪዩሙን ከረጢት በፌስታል ቋጥረን አውጥተን አቃጠልነው። ወለሉን በሙቅ ውሃና በኦሞ ወለወልን።

ውሮንም ያየቻት ሐኪም ዛሬ ፈቀደችልኝ። ለድመት የተሠራ ፊፕሮኒል አደረግንላት። ኪሎዋን መንገድ ላይ አስመዝኜ ነው።

አንድ ጥያቄ። በቢላዋ ስቆፍር ልባስ ውስጥ ያሉትንስ አገኘኋቸው ወይስ ቀሩ?

የእንስሳት ሐኪም | ሐምሌ 21፣ ጠዋት 2 ሰዓት

ጎበዝ። ከእንቁላሉና ከትሉ ብዙውን አውጥተሻል። ልባሱ ግን የሚያጣብቅ ክር ስላለው አቧራ ይለብሳል፣ ጣውላውን ይይዛል። ከፊሉ ቀርቷል። ስለዚህ ቁንጫው ያበቃ እንዳይመስልሽ። የሚቀጥሉት ሁለትና ሦስት ሳምንታት አዳዲስ ይወጣሉ። ቫኪዩሙ ራሱ በንዝረቱ ይቀሰቅሳቸዋል፣ መውጣታቸው ደግሞ ጥሩ ነው። ውጭ ሲወጡ ነው የሚሞቱት። ውሮ ላይ ሲዘሉ ፊፕሮኒሉ ይገድላቸዋል። ድመትሽ አሁን ወጥመድሽ ናት። ለዚህ ነው ከቤት አታውጪያት ያልኩሽ።

በየሁለት ቀኑ ሳቢ ወይም ጥረጊ። ስንት እንደቀረ ማወቅ ከፈለግሽ ነጭ ካልሲ እስከ ጉልበትሽ ሳቢና በየክፍሉ አምስት ደቂቃ ተመላለሺ። ቁንጫ ወደ ላይ 20 ሳንቲሜትር ያህል ነው የምትዘለው፣ ካልሲሽ ላይ ትቀራለች። ቁጥሩን ጻፊው።

የውሮ እናት | ነሐሴ 2፣ ማታ 4 ሰዓት

41። ይህ የዛሬው ቁጥር ነው። የመጀመሪያው ቀን 23 ነበር። ባሰብን። ባለቤቴ ቤት እንቀይር እያለ ነው። እኔም ደክሞኛል።

ካዛንችስ ልጅ | ነሐሴ 2፣ ማታ 4 ሰዓት ተኩል

እንዳታቆሚ። እኔም ሁለተኛው ሳምንት ላይ ነው ያለቀስኩት። ዕቃሽ ውስጥ ይዘሻቸው ትሄጃለሽ፣ ቤት መቀየር መፍትሔ አይሆንም።

የእንስሳት ሐኪም | ነሐሴ 3፣ ጠዋት 1 ሰዓት ተኩል

የተነገረሽ ጊዜ ላይ ነሽ። ከልባሱ እየወጡ ነው። ውሮን አበጥሪያትና የምታገኚያቸው በሕይወት ያሉ ናቸው የሞቱ? የሞቱ ወይም የሚንገዳገዱ ከሆኑ መድኃኒቱ እየሠራ ነው።

አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ ናት፣ ክረምቱ ብርድ ነው። ሞቃት አገር በሦስት ሳምንት የሚያልቀው ዑደት እዚህ ይረዝማል። ብርዱ ያዘገያቸዋል እንጂ አይገድላቸውም። እርጥበቱ ደግሞ ትሉን ይመቸዋል። ስለዚህ ከሌላው ሰው ትንሽ በላይ መታገስ አለብሽ።

ሌላ የምጠይቅሽ፣ የግቢው ውሻ መድኃኒት ተደርጎለታል?

የውሮ እናት | ነሐሴ 3፣ ቀን 6 ሰዓት

ሚዶው ላይ አሥራ አንድ አገኘሁ። ዘጠኙ ሞተዋል፣ ሁለቱ መዝለል አቅቷቸው ይንፈራገጣሉ። ተስፋ አገኘሁ።

ውሻው አልተደረገለትም። የማን እንደሆነ አይታወቅም፣ የሁሉም ነው።

ጋሽ አቧሬ | ነሐሴ 3፣ ቀን 8 ሰዓት

ልጄ፣ ግቢ ውስጥ የጋራ ነገር የሚበላሸው ሁሉም «የሌላው ነው» ሲል ነው። ቡና አፍልተሽ ጥሪያቸው። አምስት ቤት ናችሁ፣ ለአምስት ይካፈላል። የተነከሰውን የልጅሽን እግር አሳዪያቸው፣ እምቢ የሚል ጎረቤት አይኖርም። የዘበኛውን ጎጆም አትርሱ። ውሻው የሚተኛበት ማዳበሪያና ገለባ ተቃጥሎ አዲስ ይነጠፍለት። ዘበኛው ራሱም ተነክሶ ዝም ብሎ ይሆናል፣ ጠይቁት።

አፍንጮ በር | ነሐሴ 3፣ ማታ 1 ሰዓት

አይጥም እዩ። እኛ ግቢ አይጥ በመርዝ ገድለን በማግስቱ ቁንጫው የባሰብን ጊዜ ነበር።

የእንስሳት ሐኪም | ነሐሴ 3፣ ማታ 2 ሰዓት

ትክክል ነው። አይጡ ሲሞትና ሲቀዘቅዝ ቁንጫው ጥሎት ሌላ ሙቀት ፍለጋ ይወጣል። በቁንጫ አማካይነት ከአይጥ ወደ ሰው የሚተላለፍ የተስቦ ዓይነትም አለ። ስለዚህ የሞተ አይጥ በባዶ እጅ አይነሳም። መጀመሪያ እህሉን መክደን፣ ቀዳዳውን መድፈን፣ ቆሻሻውን ማንሳት ይቀድማል። መርዝ ለድመትና ለውሻም አደጋ ነው፣ የተመረዘ አይጥ በልተው ይሞታሉ።

ለበዓል የሚገዛ በግና ፍየልም ቁንጫ ይዞ ሊመጣ ይችላል። ለእንቁጣጣሽ በግ ስትገዙ ከቤቱ በር ራቅ አድርጋችሁ እሰሩት፣ የተኛበትን ገለባ ወዲያው አንሱ።

የውሮ እናት | ነሐሴ 16፣ ማታ 2 ሰዓት

ጋሼ፣ እንዳሉኝ አደረግኩ። እሑድ ቡና ጠራኋቸው። የልጄን እግር ከማሳየቴ በፊት ከፊት ለፊት ያሉት እማማ ቀሚሳቸውን ገለጥ አድርገው የራሳቸውን አሳዩኝ። ከኔ ይብሳል። ለካ ሁሉም ተነክሷል፣ አንዱ ሌላውን ቆሻሻ እንዳይለው ፈርቶ ነው ዝም ያለው። ዘበኛው ጋሽዬም ክረምት ከገባ ጀምሮ እንቅልፍ እንደሌላቸው ነገሩን። ቁንጫ ቆሻሻ ሰው ብቻ ነው የሚይዘው ብለው አፍረው ነበር።

ገንዘብ አዋጣን። ውሻው የራሱን መድኃኒት አገኘ፣ ለውሻ የሆነውን። የጎጆው ገለባ ተቃጠለ። ውሮን ለሁለት ቀን ከውሻው ለየናት። የውሻው ጠብታ ፐርሜትሪን እንደሌለበት ካርቶኑ ላይ አንብበናል፣ ግን ከደረሰብኝ በኋላ አላምንም።

ዛሬ ካልሲዬ ላይ 17።

የውሮ እናት | መስከረም 9፣ ማታ 1 ሰዓት

6። ፀሐይ ወጥቷል። ፍራሽና ምንጣፍ ከጠዋት እስከ ማታ ውጭ ይውላል። የልጄ እግር ድኗል፣ ጠባሳው ብቻ ቀርቷል። ውሮ ሦስተኛ ጠብታዋን አገኘች።

ልደታ 4ኛ ፎቅ | መስከረም 9፣ ማታ 2 ሰዓት

እንኳን ደስ አለሽ እህቴ። የኔዋም ሩዙ ጠፋላት።

የመቻል ጌታ | መስከረም 10፣ ጠዋት 3 ሰዓት

መቻልን አቅፌ ሚዛን ላይ ወጣሁ። 24 ኪሎ ነው። ወገቤን አመመኝ፣ ግን ትክክለኛውን መጠን ነው የገዛሁለት። ማከክ አቁሟል። ዶክተር፣ አሁን ካቆመ መድኃኒቱን ላቁም?

የእንስሳት ሐኪም | መስከረም 10፣ ቀን 6 ሰዓት

አታቁም። ቢያንስ ሦስት ወር ቀጥል። አሁን ብታቆም ከልባሱ የሚወጡት ጥቂቶች ያገኙትና እንቁላል ይጥላሉ። ቁንጫ ደም ባገኘች በሁለት ቀን ውስጥ እንቁላል መጣል ትጀምራለች። ብዙ ሰው የሚሸነፈው እዚህ ላይ ነው።

የውሮ እናት | ጥቅምት 22፣ ማታ 3 ሰዓት

ዜሮ። በተከታታይ ሦስተኛ ሳምንት ነው። ዛሬ ሁለቱንም ክፍል፣ አልጋ ሥር ሳይቀር፣ አሥር አሥር ደቂቃ ተመላለስኩ። ካልሲው ነጭ ሆኖ ወጣ።

ባለቤቴ የጣውላውን ስንጥቅ በሰጋቱራና በኮላ እየሞላ ነው። ሳሎኑ አልቋል፣ መኝታ ቤቱ ይቀራል። ውሮ ከጭራዋ በላይ ያለው ፀጉሯ በቀለ። መጀመሪያ እንደ ጥጥ ለስላሳ ሆኖ ወጣ፣ አሁን እንደ ሌላው ሆኗል። ልጄ ዛሬ የሶፋውን ጠርዝ ይዛ ቆመች፣ በባዶ እግሯ።

ጠብታውን እስከ ታኅሣሥ እቀጥላለሁ።

ተማሪ 6 ኪሎ | ጥቅምት 22፣ ማታ 4 ሰዓት

የምንኖርበት ቤት አንዲት ድመት ሦስት ግልገል ወልዳለች። አምስት ሳምንት ሆኗቸዋል። ቁንጫ ሞልቶባቸዋል፣ ድዳቸው ነጣ ብሏል። ጠብታው ይሆናቸዋል?

የእንስሳት ሐኪም | ጥቅምት 22፣ ማታ 4 ሰዓት ተኩል

ከስምንት ሳምንት በታች ናቸው፣ የፊፕሮኒል ጠብታ አይደረግም። ድዳቸው መንጣቱ ደም እያነሳቸው ስለሆነ ነው። ቁንጫ ግልገል ይገድላል፣ አትዘግይ። ዛሬ ማታ በቅማል ሚዶ አበጥራቸው። በጣም ከበዛባቸው ለብ ባለ ውሃና በጥቂት ላርጎ ከአንገት በታች አንድ በአንድ እጠባቸው፣ ወዲያው በፎጣ አድርቀህ አሙቃቸው። ብርድ ከቁንጫው በፊት ይወስዳቸዋል። ጠዋት ሐኪም ያያቸው። እናታቸውም ታስፈልጋቸዋለች፣ አብረህ ውሰዳት።

ተማሪ 6 ኪሎ | ጥቅምት 22፣ ማታ 4 ሰዓት ከ40

ሚዶ የለኝም። ሱቁ ሁሉ ተዘግቷል።

የውሮ እናት | ጥቅምት 22፣ ማታ 4 ሰዓት ከ45

እኔ ጋ አለ። ከ6 ኪሎ ሠራተኛ ሰፈር ሩቅ አይደለም። ራስ መኮንን ድልድይ ስትደርስ በውስጥ መስመር ጻፍልኝ፣ ባለቤቴ ይዞልህ ይወርዳል። ፎጣም እጨምርልሃለሁ።